ስለ ፓርኪንሰን ጠይቁኝ፦ ከጅማና ከአካባቢው የመጡ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። ለፓርኪንሰን የሚሰጠው መድኃኒት ሌቮዶፓ ታዞላቸው የሚመጡ ሰዎች መድኃኒቱን ተቀብለው ቶሎ አይሄዱም፤ ጥያቄ አላቸው። ከኋላ ሰልፍ ስላለ ደግሞ በቅጡ አናወራም። ስለዚህ «ያላችሁን ሁሉ ላኩልኝ» አልኩ፤ ላካችሁ። መጠን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው፤ እኔ የማውቀውን እነግራችኋለሁ።

አባቴ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ፓርኪንሰን ነው ማለት ነው? (ከአጋሮ)

መንቀጥቀጥ ብቻውን አይበቃም። መቼ ነው የሚብስባቸው? እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ሬዲዮ ሲሰሙ ተንቀጥቅጦ፣ ሲኒ ሲያነሱ የሚቀንስ ከሆነ ወደ ፓርኪንሰን ያጋድላል። ሲኒውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ የሚብስና ሁለቱንም እጅ የያዘ ከሆነ ግን ሌላ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።

ሐኪሙ አብልጦ የሚፈልገው ዝግታን ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸውን ቶሎ ቶሎ እንዲያነካኩ ያዛቸዋል። እየቆየ ጣቶቹ ከዘገዩና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከጠበበ ምልክት ነው። ጭራሽ የማይንቀጠቀጥ የፓርኪንሰን ታማሚም አለ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አባትህ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይወስዳሉ? ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ቁርጥ ፓርኪንሰን የሚመስል ነገር ያመጣሉ። የሚወስዱትን ሁሉ ይዘህ ሂድና ለሐኪሙ አሳይ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

ኤምአርአይ ተነሥተን «ምንም የለም» ተባልን። ታዲያ ከየት አምጥተው ነው ፓርኪንሰን ያሉን? (ከሂርማታ)

ፓርኪንሰን የሚታወቀው ሐኪሙ ራሱ በሚያደርገው ምርመራ ነው፤ ሐኪሙ አይቶ፣ አስነሥቶ፣ አራምዶ። ኤምአርአይ የሚታዘዘው ሌላ በሽታ እንዳይሆን ለማጣራት ነው። «ምንም የለም» መባሉ ደግ ነው።

ከምን ይመጣል? ጎረቤት መተት ነው እያለ እናታችንን አስጨነቃት። (ከኮቺ)

መተት አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያግዝ ኬሚካል የሚያመርቱ ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ዶፓሚን ሲያንስ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ጡንቻ ይገትራል። ለምን እንደሚሞቱ ለብዙው ሰው አንድ ምክንያት አይገኝም። ዕድሜ አለበት፣ ለጥቂቱ የዘር ጉዳይ አለበት፣ እንደ ፓራኳት ያሉ የእርሻ ኬሚካሎችም ስማቸው ይነሣል። በሽታው በስሙ የሚጠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 እ.ኤ.አ. ነው የጻፈው። ጎረቤታችሁ መተት ካሉ መተተኛው እንግሊዝ አገር ድረስ ደርሷል ማለት ነው።

የቡና አገር ሰዎች ነን። ቡና ይከላከላል የሚባለው እውነት ነው? (ከሰቃ)

ቡና ጠጪዎች ላይ ፓርኪንሰን ያነሰ ሆኖ ታይቷል፤ በብዙ አገር። ያ ማለት ግን ቡና ያድናል ማለት አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ለታማሚዎች ካፌይን ሰጥቶ ሲከታተል እንቅስቃሴያቸው አልተሻሻለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካውን ጠጡ። ሲኒው ግን እስከ አፉ አይሞላ።

ባቄላ ውስጥ መድኃኒቱ አለ ሲባል ሰማሁ። (ከፈረንጅ አራዳ)

አለ፤ በተለይ እሸቱ ውስጥ። ቀልድ አይደለም፣ ሌቮዶፓው ራሱ ነው። ችግሩ ዛሬ የበላኸው እሸትና ነገ የምትበላው እኩል መጠን የለውም። ከክኒኑ ጋር ተደርቦም ሊበዛ ይችላል። ብሉት፣ መድኃኒቱን ግን አይተካም።

መድኃኒቱ አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ውኃ ነው። የውሸት ይሆን? (ከአጂፕ)

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ ይመጣልኛል። መጀመሪያ ሰዓቱን እንይ። ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም ሲገባ ከፕሮቲን ጋር ይጋፋል። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ወፍራም ሽሮ በልተው ወዲያው ከዋጡት የፕሮቲኑ ጉልበት ያሸንፋል። ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም ከበሉ አንድ ሰዓት በኋላ፣ በውኃ ይዋጥ። ሲጀመር ካቅለሸለሸ በትንሽ ደረቅ ዳቦ ይቻላል። የደም ማነስ ክኒን ካለም ይራቅ፤ ብረት መድኃኒቱን ይይዘዋል።

ቀጥሎ የክኒኑን ቁጥር እዩ። 25/250 ስትወስዱ ኖራችሁ ገበያ ላይ ሲጠፋ 25/100 ብታገኙ «ያው ነው» ብላችሁ አትዋጡ። ሁለተኛው ቁጥር የሌቮዶፓው ሚሊግራም ነው፤ ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። ወደ ሐኪማችሁ ተመለሱ።

በሰዓቱ ተወስዶም የሚቀጥለው ሳይደርስ ኃይሉ የሚያልቅ ከሆነ ለሦስት ቀን በወረቀት ጻፉ፦ ስንት ሰዓት ዋጡ፣ ስንት ሰዓት ተንቀሳቀሱ፣ ስንት ሰዓት ደረቁ። ለሐኪም ከዚያ ወረቀት የሚበልጥ ምርመራ የለም።

ጸበል ልንወስዳት ነው፤ እዚያ ደግሞ መድኃኒት አቁሙ ይላሉ። (ከሰርቦ)

ውሰዷት፣ ክኒኑንም ይዛችሁ ሂዱ። ሌቮዶፓን በአንድ ጊዜ መቁረጥ አደገኛ ነው። ሰውነት ይገትራል፣ ከባድ ትኩሳት ይመጣል፣ ሕይወት እስከ ማለፍ ይደርሳል። በዚህ አልደራደርም። ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ጀምሩ፤ ባለቀ ቀን ሲሮጡ የሚመጡ አሉ፣ ያን ቀን እኛም ጋ ላይኖር ይችላል።

አባቴ ረመዳንን መጾም ይፈልጋል። (ከበቾ ቦሬ)

ለታመመ ሰው ሃይማኖቱም ያቀልለታል። እጾማለሁ ካሉ ረመዳን ሳይገባ ሐኪማቸውን ያነጋግሩ፤ በቀን ሁለቴ የሚወስድና አምስቴ የሚወስድ ሰው አንድ አይደሉም። ከሱጁድ ሲነሡ ካዞራቸው ደግሞ በወንበር ይስገዱ።

ያስመልሳታል፤ ፕላሲል ልስጣት? (ከአጂፕ)

በፍጹም። ፕላሲል ዶፓሚንን ስለሚዘጋ በሽታውን ያባብሳል። ሌላ ክሊኒክ ስትሄዱም መጀመሪያ «ፓርኪንሰን አለባት» በሉ።

በር ላይ ሲደርስ እግሩ ወለሉ ላይ ይጣበቃል። ስንጎትተው ሊወድቅ ይላል። (ከአጋሮ)

አትጎትቱት። ይቁም፣ ይተንፍስ። ከዚያ እግርህን ፊቱ አግድመህ «ተሻገረው» በለው። ወይም «አንድ፣ ሁለት» እያልክ ቁጠርለት። ተጣብቆ የነበረው እግር ሲነሣ ታያለህ። ደጃፉ ላይ ቀለም ያለው ፕላስተር በአግድም ብትለጥፍም ይረዳል። ምንጣፉን አንሡት።

የጅማ በርጩማችን ያምራል፣ ለእሱ ግን ዝቅ ይላል። ክንድ ማሳረፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ስጡት። ሲነሣ ወደ ጫፍ ይምጣ፣ እግሩን ወደ ኋላ ይሰብስብ፣ አፍንጫው ከእግር ጣቱ እስኪያልፍ ይጎንበስና ይነሣ። በየቀኑ ይራመድ። እንቅስቃሴ የሕክምናው አካል ነው።

ሌሊት እየጮኸ ይማታል፣ ሆዱም ይደርቃል። ይህም ከእሱ ነው? (ከሂርማታ)

አዎ፣ አንዳንዴ ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድሞ ይጀምራል። ማሽተት መቀነስና ድብርትም እንደዚያው። ለሐኪሙ ንገሩ። ጫት የሚቅም ከሆነ ይተው፤ እንቅልፍም ይነሣል፣ ሆድም ያደርቃል። የሌለ ሰው ካየ አትከራከሩት፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ከመድኃኒቱም ሊሆን ይችላል፣ በተለይ አርቴን የሚባለውን የመንቀጥቀጥ ክኒን የሚወስድ ሽማግሌ ላይ።

መድኃኒቱን ቶሎ ከጀመርን ቶሎ ይሰለቻል ይባላል። እንቆይ? (ከሰቃ)

አይሰለችም። እያደር መጠን የሚጨምረው በሽታው ስለሚገፋ ነው። ሸሚዝ መቆለፍ፣ መጉረስ፣ መራመድ ካቃታት ምን ትጠብቃላችሁ? ጀምሩ።