የድሮ ዌስተርን ልቦለዶች በንባብና በጆሮ፦ ጥያቄና መልስ

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 1950ዎቹ በአሜሪካ ርካሽ መጽሔቶች ላይ ይወጡ ስለነበሩት የዌስተርን (የካውቦይ) ልቦለዶችና አብረዋቸው ስለሚነሱት የሬዲዮ ድራማዎች የቀረቡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእምነት፦ ፊልሞቹን አውቃቸዋለሁ፤ መጽሐፍ ግን አንብቤ አላውቅም። ፐልፕ የሚባለው የትኛው ነው? ከሌላው የካውቦይ ልቦለድ በምን ይለያል?

መልስ፦ ልዩነቱ ከወረቀቱ ይጀምራል። ፐልፕ መጽሔት ብዙም ካልተጣራ የእንጨት ድቃቂ በተሠራ ሻካራ ወረቀት ላይ የሚታተም፣ መጠኑ 18 በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ገጹ ብዙ ጊዜ 128፣ ዋጋው ከ10 እስከ 25 ሴንት የነበረ ነው። መንገዱን የከፈተው በ1896 ሙሉ በሙሉ ወደ ልቦለድ የዞረው «አርጎሲ» ነው። «ዌስተርን ስቶሪ ማጋዚን» ደግሞ በ1919 ዌስተርን ብቻ ይዞ ወጣ። በአንጸባራቂ ወረቀት የሚታተሙና የተሻለ የሚከፍሉ መጽሔቶችም ዌስተርን ያወጡ ነበር። ለምሳሌ የ1939ኙ ፊልም «ስቴጅኮች» መነሻ የሆነው የኧርነስት ሄይኮክስ አጭር ልቦለድ በ1937 የወጣው «ኮሊየርስ» ላይ ስለሆነ፣ በጥብቅ ከተሄደ ፐልፕ አይባልም።

ለአንባቢ ከወረቀቱ በላይ የሚጠቅመው የክፍያውን ነገር ማወቅ ነው። የፐልፕ ጸሐፊ የሚከፈለው በቃል ቁጥር ነበር፤ የተለመደው መነሻ በቃል አንድ ሴንት። ጥሩውም መጥፎውም ከዚሁ ይመጣል። መጽሔት መደብር ቆሞ የሚያገላብጠውን ሰው ለመያዝ ችግሩ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይፈነዳል፤ በተከታታይ የሚወጣ ከሆነም እያንዳንዱ ክፍል ልብ አንጠልጥሎ ያቆማል። በዚያው ልክ ቃል ሲበዛ ገንዘቡም ስለሚበዛ፣ መሃል ላይ የሚንዛዛ ንግግርና የሚደጋገም ግልቢያ ይኖራል። እዚያ ላይ ፈጠን ብሎ ማለፍ ነውር የለውም። ጸሐፊውም የሚያነበውን ሰው ፍጥነት አስቦ ነው የጻፈው።

ሮቤል፦ ወንድሜ፣ ዝርዝሩ በዛብኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከአጭሩ ጀምር። ብዙ ሰው ዝናውን ሰምቶ የዜን ግሬይን «ራይደርስ ኦቭ ዘ ፐርፕል ሴጅ» (1912) ያነሳና ገና ሳይገፋበት ያስቀምጠዋል። መጽሐፉ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ጉልበቱ ያለው በዩታ ገደሎችና ሸለቆዎች ገለጻ ላይ ስለሆነ፣ ተኩስ ለሚጠብቅ አንባቢ ይከብዳል።

የመጀመሪያ ምርጫዬ የኤልሞር ሌናርድ «ስሪ-ቴን ቱ ዩማ» ነው። በመጋቢት 1953 «ዳይም ዌስተርን» ላይ ወጣ። አንድ የሕግ ሰው፣ አንድ እስረኛ፣ አንድ የሆቴል ክፍል፣ የሚጠበቅ ባቡር፤ በቃ። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል፣ አንድም ትርፍ ቃል የለበትም። የቅጂ መብቱ ስላልወደቀ የዌስተርን አጫጭር ልቦለዶቹን ስብስብ መግዛት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ዘርፍ ገንዘብ የምታወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ እሱ ላይ አውጣው።

ቀጥሎ የማክስ ብራንድ «ዘ አንቴምድ» ይምጣ። ጀግናው ዳን ባሪ፣ ጥቁሩ ፈረስ ሳታንና ባርት የሚባለው ተኩላ መሳይ ውሻ የታሪክ መጽሐፍ ሰዎች አይደሉም፤ ወደ ተረት ይጠጋሉ፣ መነበብ ያለባቸውም እንዲያ ነው። ለዛና ሳቅ ከፈለግህ የቢ. ኤም. ባወር «ቺፕ ኦቭ ዘ ፍላይንግ ዩ» (1906) አለልህ። ደራሲዋ ሴት ናት፣ የሞንታናን የከብት እርባታ ኑሮ በቅርብ ታውቀዋለች፤ ሽጉጥ ከሚተኮስበት ገጽ ይልቅ ሠራተኞቹ እርስ በርስ የሚቀላለዱበት ይበልጣል። ዜን ግሬይን ከነዚህ በኋላ ብትይዘው ገለጻው አይሰለችህም። የሮበርት ኢ. ሃዋርድን የብሬክንሪጅ ኤልኪንስ ታሪኮች መጨረሻ ላይ አድርጋቸው፤ በጣም ያስቃሉ፣ ግን ከዳር እስከ ዳር በተራራ ሰው አነጋገር የተጻፉ ናቸው።

ሰብለ፦ ጆርጅ ኦወን ባክስተር የሚባል ደራሲ ወደድኩ፤ ከማክስ ብራንድ ጋር በጣም ይመሳሰልብኛል። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ልክ ነሽ፣ አንድ ሰው ናቸው። እውነተኛ ስሙ ፍሬደሪክ ፋውስት ነው፤ በ1944 ጣሊያን ውስጥ በጦር ዘጋቢነት ሳለ ሞተ። በአንድ እትም ላይ ብዙ ሥራ ስለሚወጣለት ስሙን ይቀያይሩለት ነበር። ዴቪድ ማኒንግ፣ ፒተር ሄንሪ ሞርላንድና ጆን ፍሬደሪክ የሚሉትንም ፈልጊ፤ እሱው ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኋላ በመጽሐፍ ሲታተሙ ርዕስ የተቀየረላቸው ብዙ ናቸው። ከመግዛትሽ በፊት የመጀመሪያውን ገጽ አንብቢ፣ አለዚያ ያነበብሽውን በሌላ ርዕስ ትገዢዋለሽ።

ዮናታን፦ እንግሊዝኛዬ ደህና ነው ግን የካውቦዮቹ ንግግር አልገባ አለኝ። ቃላቱ መዝገበ ቃላት ውስጥም የሉም።

መልስ፦ ጸሐፊዎቹ ፊደሉን የሚያጣምሙት ድምፁን ለማሰማት ስለሆነ በዓይን ስትፈልገው አይገኝም። «ሆርስ» የነበረው «ሆስ» ሆኖ ይጻፋል፤ «ዩ» የነበረው «ያ» ይሆናል። ከንፈርህን እያንቀሳቀስክ ጮክ ብለህ አንብበው፤ አብዛኛው ወዲያው ይፈታል። የቀሩት የሙያ ቃላት ናቸው፣ ብዙዎቹም ከስፓኒሽ የመጡ። ረሙዳ የተቀያሪ ፈረሶች መንጋ ነው። ማቨሪክ ምልክት ያልተተኮሰበት ከብት ነው። ረስለር የከብት ሌባ፣ ሰጉንዶ የአለቃው ምክትል፣ ቻክ ዋገን ደግሞ የስንቅና የምግብ ጋሪ ነው። እነዚህን ከያዝክ የከብት ጉዞ ታሪክ አያስቸግርህም።

የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው፦ አንዱን ምዕራፍ ጽሑፉን ፊት ለፊት አስቀምጠህ ትረካውን በ0.85 ፍጥነት ስማ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም እንዲሁ። ከአራተኛው ጀምሮ ጽሑፉን ተወው። ተራኪው የእያንዳንዱን ሰው አነጋገር ስለሚለይልህ ጆሮህ ይለምዳል።

ጽጌ፦ በነፃ ማውረድ የሚቻለው የቱ ነው? ዳታዬን እንዳልጨርስ መጠኑንም ንገሩኝ።

መልስ፦ በአሜሪካ ሕግ መሠረት የታተመ ሥራ 95 ዓመት ሲሞላው ቀጥሎ ባለው ጥር 1 ነፃ ይሆናል። 95 ዓመት ካልሞላቸው ውስጥ እስከ 1963 የወጡት ደግሞ በ28ኛው ዓመት መብታቸው ካልታደሰ ነፃ ናቸው፤ ብዙ የመጽሔት ልቦለድ የተለቀቀው በዚህ በኩል ነው። የድምፅ ቅጂው የራሱ መብት እንዳለው አትርሺ። የ1912 መጽሐፍ ነፃ ቢሆንም፣ ትናንት አንድ ኩባንያ ያስተረከው ነፃ አይደለም።

ጽሑፉን ከፕሮጀክት ጉተንበርግ፣ ትረካውን በጎ ፈቃደኞች ከሚያነቡበት ሊብሪቮክስ፣ የመጽሔቶቹን ስካን ከኢንተርኔት አርካይቭ ታገኛለሽ። ጽሑፉ በኢፐብ (በኢ-መጽሐፍ ፋይል) ከሆነ ሥዕል እስከሌለው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜጋባይት ያንሳል። ትረካ በ64 ኪሎቢት በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ፣ በ128 እጥፉን ይበላል። ለአንድ ሰው ድምፅ 64ቱ ከበቂ በላይ ነው። 60 ሺህ ቃል ያለው ልቦለድ ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚወስድ 190 ሜጋባይት ግድም አስቢ። ስካን ግን አንዱ እትም ብቻውን ከዚያ ሊስተካከል ይችላል፤ ዋይፋይ ስታገኚ አውርጂው።

የስካኑን ጽሑፍ ለብቻው አውጥቶ የሚሰጠውን ፋይል አትመኚው። ገጹ ባለ ሁለት ዓምድ ስለሆነ ማሽኑ የግራውንና የቀኙን መስመር ያደበላልቀዋል። የገጹን ምስል ራሱን ማንበብ ይሻላል።

አቤል፦ ከሬዲዮ ድራማዎቹ የቱ ይበልጣል?

መልስ፦ «ገንስሞክ»። ያለ ምንም ማመንታት። ከሚያዝያ 1952 እስከ ሰኔ 1961 በአሜሪካው የሬዲዮ ኩባንያ በሲቢኤስ ተላለፈ፤ ክፍሎቹ ወደ 480 ይደርሳሉ፣ አብዛኞቹም ተርፈዋል። ዊልያም ኮንራድ ማርሻል (ሕግ አስከባሪ) ማት ዲለንን ሆኖ ይጫወታል። ከዚያ በፊት በሬዲዮ የነበሩት ዌስተርኖች፣ በ1933 የተጀመረውን «ዘ ሎን ሬንጀር»ን ጨምሮ፣ በዋናነት የልጆች ነበሩ። ይህ ለአዋቂ የተሠራ ነው። ማርሻሉ ሁልጊዜ አያሸንፍም፤ አንዳንዱ ክፍል ቀብር ላይ ያልቃል።

ከሁሉም በላይ ግን ድምፁን ስማው። በእንጨት መተላለፊያ ላይ የሚሄድ ሰው ኮቴ፣ የመጋለቢያው ብረት ቅጭልታ፣ የራቀ ውሻ ጩኸት፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ። ባለሙያዎቹ ቀስ ብሎ የሚሄደውንና ለጠብ የሚመጣውን ሰው በእርምጃው እንድትለይ አድርገው ሠርተውታል። በስልክ ድምፅ ማጉያ ከሰማኸው ግማሹ ይጠፋል፤ ጆሮ ማዳመጫ አድርግ፣ በ1.0 ፍጥነት ተወው። የዝምታው ርዝመት የተለካ ስለሆነ ማፍጠን ድራማውን ይገድለዋል። በአንድ ሰው የሚነበብ ትረካን ግን 1.2 ላይ ብታደርገው አይጎዳም። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም»ን እየሰማ ላደገ ሰው የሁለቱ ልዩነት ግልጽ ነው፦ በትረካ የአንባቢው ድምፅ ሁሉን ይሸከማል፣ በድራማ ድምፁና ዝምታው ይከፋፈሉታል።

ከሱ ቀጥሎ ጄምስ ስቱዋርት የተጫወተበት «ዘ ሲክስ ሹተር» (1953–54፣ 39 ክፍል) ረጋ ያለና ደግ ነው፤ ከቤተሰብ ጋር ለመስማት እሱ ይመረጣል። «ፍሮንቲር ጀንትልማን» (1958) የለንደን ጋዜጠኛን እየተከተለ ስለሚሄድ አገሩን ለማያውቅ አድማጭ ሁሉንም ያስረዳል። «ፎርት ላራሚ» (1956) ስለ ወታደሮች ኑሮ ነው፤ ከተኩሱ ይልቅ ብርዱና መሰልቸቱ ይሰማሃል።

ሄለን፦ ያወረድኩት ክፍል የሰዎቹ ድምፅ ቀጠነብኝ። አንዳንዱ ደግሞ 30 ደቂቃ መሆን ሲገባው 25 ነው።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ድምፁ ከቀጠነ ከዲስክ ወይም ከቴፕ ሲገለበጥ ፍጥነቱ ተዛብቷል ማለት ነው። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ከፍተሽ «ቼንጅ ስፒድ» በሚለው (ቴምፖ የሚለውን ሳይሆን) ከ3 እስከ 6 በመቶ ዝቅ አድርጊ፤ የምታውቂው ተዋናይ ድምፅ ሲስተካከል አቁሚ። ድምፁ ደህና ሆኖ ርዝመቱ ብቻ ካነሰ ግን ለአሜሪካ ጦር ሬዲዮ ተብሎ ማስታወቂያው የተቆረጠለት ቅጂ ሊሆን ይችላል። ታሪኩ አልጎደለም፣ እንዲያውም ያለ ሲጋራ ማስታወቂያ ትሰሚዋለሽ። የጀርባ ጫጫታ ለሚበዛበት ቅጂ በኢኳላይዘር ከ100 ኸርዝ በታችና ከ6 ሺህ ኸርዝ በላይ ቀንሺ፤ ንግግሩ ያለው መሃል ላይ ስለሆነ አይነካም።

ናሆም፦ ፍላሽ ላይ ገልብጬ መኪና ውስጥ ስከፍተው ምዕራፍ 1፣ ቀጥሎ 10፣ ቀጥሎ 11 ይላል።

መልስ፦ ስማቸውን 01፣ 02 (ከመቶ ካለፉ 001) ብለህ ቀይር። ያም ሆኖ ከተዘበራረቀ ማጫወቻው የሚከተለው ስምን ሳይሆን ፋይሎቹ የተገለበጡበትን ቅደም ተከተል ነው፤ ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አድርገህ ምዕራፎቹን በተራ ገልብጣቸው።

ጋሽ መኮንን፣ ከዴንቨር፦ እዚህ አሮጌ መጻሕፍት ቤቶች ውስጥ እውነተኛዎቹን መጽሔቶች አያለሁ። መግዛት ያዋጣል? እንዴትስ ይቀመጣሉ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ዌስተርን ከሳይንስ ልቦለድና ከአስፈሪ ታሪክ መጽሔቶች ብዙ ጊዜ ዋጋው ስለሚቀንስ ለጀማሪ ሰብሳቢ ጥሩ በር ነው። ከመክፈልዎ በፊት ማውጫውን ይዩ፤ ዋናው ልቦለድ «ከስድስት ሦስተኛው ክፍል» ከሆነ ሌሎቹን አምስት እትሞች ማሳደድ ሊኖርብዎ ነው። ሙሉ ልቦለድና አጫጭር ታሪኮች ያሉበትን ይምረጡ። ቀጥሎ የመጨረሻዎቹን ገጾች ይመልከቱ፣ መጀመሪያ የሚወድቁት እነሱ ናቸው። ገጹ ቡናማ ሆኖ ጥግ ጥጉ በእጅዎ ላይ ከተፈረፈረ ለማየት እንጂ ለማንበብ አይሆንም።

የሚጎዳው ከውስጡ ነው። ወረቀቱ ውስጥ ሊግኒን (ከእንጨቱ የመጣ ንጥረ ነገር) እና አሲድ ስላለ ብርሃንና ሙቀት ያፋጥኑታል። ከ90 ዲግሪ በላይ አይክፈቱት፤ ገጾቹን የያዙት በጎን የተመቱ የሽቦ ስፌቶች ሲሆኑ ሽፋኑ ሙጫ ብቻ ነው፣ ከተዘረጋ ጀርባው ይሰነጠቃል። በፖሊስተር ወይም በፖሊኢትሊን ከረጢት ከጀርባው አሲድ የሌለበት ካርቶን አድርገው፣ ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቀትና ከ40 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ባለበት ጨለማ ቦታ ያስቀምጡት። ምድር ቤትና ጣሪያ ሥር አይሆኑም። የተቀደደውን በተለመደው ፕላስተር አይለጥፉ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ለማንበብ ስካኑን ይጠቀሙ፣ ዋናውን ለሽፋን ሥዕሉና ለማስታወቂያዎቹ ይያዙት።

ሜሮን፦ በነባር ሕዝቦች ላይ የሚሉት ነገር ያሳምማል። ጥቁር ሰውም ፈጽሞ የለም። እንዴት ነው የምታነቡት?

መልስ፦ ያልሽው እውነት ነው፣ ማቃለል አያስፈልግም። በአብዛኞቹ ውስጥ አፓቼና ሜክሲኳዊ ስም የሌለው ጠላት ነው፤ አንዳንዱን መጽሐፍ በዚህ ምክንያት መዝጋትም ተገቢ ነው። ሌናርድና ሄይኮክስ ከብዙዎቹ ይሻላሉ። የጥቁሮቹ መቅረት ደግሞ ከታሪክ ጋር አይገጥምም፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ከአራት ካውቦዮች አንዱ ያህል ጥቁር እንደነበር ይገምታሉ። ባስ ሪቭስ ከ1875 ጀምሮ ከ30 ዓመት በላይ በምክትል ማርሻልነት አገልግሏል። በባርነት ተወልዶ ካውቦይ የሆነው ናት ላቭ በ1907 የራሱን ሕይወት ጽፎ አሳትሟል፤ መጽሐፉ በነፃ ይገኛል፣ ግነቱም ከፐልፕ አይተናነስም። ልቦለዶቹን ከማንበብሽ በፊት ወይም መሃል ላይ እሱን አስገቢው፣ የጎደለውን ታዪዋለሽ።

ካሌብ፦ ስድስት ጎራሹ ሽጉጥ ስንት ጊዜ ነው የሚተኮሰው? አንዳንዱ ታሪክ ላይ አሥር ቆጠርኩ።

መልስ፦ አሥሩ የጸሐፊው ግድየለሽነት ነው። የ1873ቱ ኮልት ስድስት ይይዛል፤ ጥንቁቅ ሰው ግን ሽጉጡ ሲወድቅ እንዳይተኩስ መዶሻውን ባዶ ጉድጓድ ላይ አድርጎ አምስት ብቻ ያጎርስ ነበር። ጀግናው አምስት የሚቆጥርበት ታሪክ ካገኘህ፣ ጸሐፊው ሌላውንም ዝርዝር አጥንቷል ብለህ ልትተማመን ትችላለህ።

ኤልሳ፦ ትረካ የሌለውን ልቦለድ ስልኬ ራሱ እንዲያነብልኝ ባደርግስ?

መልስ፦ ለዜን ግሬይ ገለጻ ይሠራል። ለንግግር አይሠራም፤ የተጣመሙትን ቃላት ፊደል በፊደል ይቆጥርብሻል፣ ማን እንደሚናገርም አይለይም። እሱን ከማድረግሽ በፊት ሊብሪቮክስ ላይ በጸሐፊው ስም ፈልጊ፤ አንዱን መጽሐፍ ሁለትና ሦስት ሰው ያነበበበት ጊዜ አለ። ከየአንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ሰምተሽ ምረጪ። ሙሉውን አንድ ሰው ያነበበው ቅጂ ምዕራፍ በምዕራፍ ተራኪ ከሚቀያየርበት ይሻላል፤ በየምዕራፉ የጀግናው ድምፅ እየተለወጠ ታሪኩን አያቋርጥብሽም።