የሚወቅሳችሁን ደብዳቤ አትቅደዱ

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት መዝገብ ቤት ነው። አለቃው ያልወደደው ሠራተኛ የሚላክበት ክፍል እያሉ ሲቀልዱብን ኖረናል። ይቀልዱ። የሰው ጉድ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

የድሮ ወረቀት እንዴት ይነበባል ብሎ የሚጠይቀኝን ወጣት ሁሌም ወደ አንድ ፋይል እመራዋለሁ፤ ወደ ኤሊያዛር ዊሎክ ወረቀቶች። ሰውየው አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ በ1769 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የተመሠረተው የዳርትማውዝ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ነው። ወረቀት መጣል አይወድም ነበር። የመጣለትን ደብዳቤ ያስቀምጣል፤ ከላከውም ቅጂ ያስቀራል።

የትልቅ ሰው ፋይል ስትከፍቱ እሱ የጻፈውን ለማንበብ ትጣደፋላችሁ። ቆይ፣ ረጋ በሉ። መጀመሪያ ለእሱ የተጻፈለትን አንብቡ።

ከጻፉለት ሰዎች አንዱ ሳምሰን ኦኮም ነው። ኦኮም ከአገሬው ነባር ሕዝብ ከሞሂጋኖች የተወለደ ነው። በ1743፣ በሃያ ዓመቱ፣ ዊሎክ ዘንድ ገብቶ ተማረ። ኋላም ፓስተር ሆነ። በ1765 ደግሞ ዊሎክ ለነባር ሕዝቦች ልጆች ለከፈተው ትምህርት ቤት ገንዘብ እንዲያሰባስብ ብሎ ወደ እንግሊዝ ላከው። ኦኮም ከ300 ጊዜ በላይ ሰበከ። 12 ሺህ ፓውንድ ገደማ ተሰበሰበ፤ ለዚያ ዘመን ጉድ የሚያሰኝ ገንዘብ ነው። ቤተሰቡን ለዊሎክ አደራ ብሎ ነበር የሄደው። ሲመለስ ሚስቱና ልጆቹ ተቸግረው ጠበቁት። ገንዘቡም ለኮሌጁ ዋለ፤ ኮሌጁ ደግሞ የነጮች ልጆች መማሪያ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ 200 ዓመታት ከዚያ የተመረቁት የነባር ሕዝብ ልጆች 19 ብቻ ናቸው።

በጁላይ 1771 ኦኮም ለዊሎክ ጻፈለት። እናት ትሆነናለች ያልናት ትምህርት ቤት ጠይም ልጆችን ለማጥባት ከልክ በላይ እንዳትነጣ እሰጋለሁ አለው። የቀድሞ አስተማሪውን ነው እንግዲህ! ደብዳቤው ዛሬ ድረስ የደረሰን ተወቃሹ ራሱ ስላስቀመጠው ነው። ደግነት ነው አልልም፤ ልማዱ ይመስለኛል። ግን ልማድም ቢሆን ጥሩ ልማድ ነው።

እኔ አብልጬ የምወደው ግን ኦኮም በ1768 የጻፈውን አጭር የራሱን የሕይወት ታሪክ ነው። ሞንቶክ በሚባል ቦታ ሲያስተምር ደሞዙ ስላላዳረሰው ከእንጨት ማንኪያና ጭልፋ ይሠራል፤ አሮጌ መጻሕፍት ይጠርዛል። ከዚያ ሒሳቡን ቁጭ ያደርገዋል። ለእኔ በ12 ዓመት 180 ፓውንድ ከፈሉኝ፤ ላላገባ አንድ ወጣት ሚስዮናዊ፣ ከአስተርጓሚውና ከአስተዋዋቂው ጋር፣ በአንድ ዓመት ብቻ ይኸው 180 ወጣ። በመጨረሻ እንዲህ ያደረጉኝ ድሃ ሕንዳዊ (የአሜሪካን ነባር ሕዝብ ያኔ እንዲህ ይሉት ነበር) ስለሆንኩ ነው ይላል። አቤቱታ ስትጽፉ እንዲህ ጻፉ። በደሉኝ እያሉ አሥር ገጽ ከመሙላት ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበልጣል።

የእናንተስ? ስልካችሁ ሲሞላ መጀመሪያ የምትደመስሱት ያናደዳችሁን መልእክት እንደሆነ አውቃለሁ። ሥራ ላይ የደረሳችሁን ወቀሳ አቆዩት። መልሳችሁንም አብራችሁ አስቀምጡ፤ ቀንና ስም ይኑረው። ቀን የሌለው ወረቀት መዝገብ ቤት ውስጥ ምን ያህል እንደሚያንከራትት እኛን ጠይቁን። ጠብ ሲነሳ ማን ምን እንዳለ በቃል የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም የሚያስታውሰው ራሱን የሚያሳምርበትን ነው።

በ2022 ዳርትማውዝ የኦኮምን ወረቀቶች ኮኔቲከት ላለው ለሞሂጋን ሕዝብ መለሰ። ማስታወሻው፣ ስብከቶቹ፣ ደብዳቤዎቹ፣ የመድኃኒት ቅጠላ ቅጠል የዘረዘረበት ወረቀት ሳይቀር ወደ ዘሮቹ ሄደ። ዘግይቷል፣ ግን ደግ አደረጉ። ምስሉ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ፤ ዛሬ ማታ መክፈት ትችላላችሁ። የእጅ ጽሑፉ መጀመሪያ ያስቸግራል። ከጎኑ በንጹሕ የተገለበጠውን እያያችሁ ጥቂት ገጽ ከገፋችሁ ዓይናችሁ ይለምደዋል።