ታቦት ለምን ሜዳ ላይ ያድራል? የጥምቀት ገንዳስ ለምን ያፈሳል?

ጥያቄ፦ አጥቢያችን ከድሬዳዋ ወጣ ያለ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። ታቦቱ ለከተራ ወርዶ ሜዳ ላይ ማደር የጀመረው መቼ ነው? ደግሞ በአቅራቢያችን በጥር የሚፈስ ወንዝ ስለሌለ አሸዋማ መሬት ላይ ገንዳ ቆፍረን ሞላን፤ ሲነጋ ግን ውሃው ከግማሽ በታች ሆኖ አገኘነው። ምን ብናደርግ ይሻላል? (የሰበካ ጉባኤ አባል)

መልስ፦ መውረዱና ማደሩ የአንድ ዘመን ሥርዓት አይደሉም። ትውፊቱ መውረዱን ወደ አክሱሙ ዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን ይወስደዋል፤ ያኔ ግን ታቦቱ በዕለቱ ወርዶ በዕለቱ ይመለስ ነበር። ጥር 10 ወርዶ እንዲያድር ያዘዙት በ15ኛው መቶ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው ይባላል።

የዓይን ምስክር ከፈለጋችሁ ግን ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አለ። በ1513 ዓ.ም. በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ጥምቀትን አይቶ እንደጻፈው፣ ገንዳው ተቆፍሮ በሳንቃ ተለብጧል፣ በሳንቃው ላይ ሰም የተቀባ የጥጥ ጨርቅ ተዘርግቷል፣ ውሃውም ከጅረት በቦይ መጥቶ በጨርቅ እየተጣራ ይገባል። የእናንተም መልስ እዚሁ ላይ ነው፤ ውሃውን የያዘው አፈሩ ሳይሆን ጨርቁ ነበር።

የእናንተን አሸዋማ መሬት ምንም ያህል ብትደለድሉት ያፈሳል። ውስጡ 4 ሜትር በ3 ሜትር፣ ጥልቀቱ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 9,600 ሊትር ይይዛል፤ ባለ 10,000 ሊትር አንድ ቦቴ ይበቃዋል። ለዚህ የሚዘረጋው ወፍራም ፕላስቲክ ቢያንስ 6.6 በ5.6 ሜትር ይሁን፤ በየጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር ካልተረፈ ውሃው ሲከብድ ጠርዙን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ልል አፈር ስለሚናድ ግድግዳውን አሸዋ በሞላ ጆንያ ደርድሩት። ከሥሩ ጠጠሩን ለቅማችሁ የተነፋ አሸዋ አልብሱ። ፕላስቲኩን ወጥራችሁ አትዘርጉ፤ ማዕዘኑ ላይ የሚቀደደው በዚህ ነው። ውሃው ጥቂት ሲሞላ ቁሙና እጥፋቱን አስተካክሉ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ጥር 9 ቀን ከሞላችሁ ሌሊቱ ራሱ ይፈትንላችኋል።

ቦታ ስትመርጡ ደረቅ አሸዋ ነው ብላችሁ የወንዝ መውረጃ ላይ አትስፈሩ። በድሬዳዋ መሃል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከደጋው በዘነበ ዝናብ ይሞላል፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ብዙ ሰው የጨረሰው እንዲያ ነው። ጥር የዝናብ ወር ባይሆንም ከፍ ያለ ሜዳ እያለ ለምን?

ድንኳን ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዱ ለታቦቱ፣ አንዱ ለቤተልሔም፣ ማለትም የቅዳሴው ኅብስት ለሚዘጋጅበት። የታቦቱ ድንኳን ቅዳሴውም የሚቀደስበት ስለሆነ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይተከል፤ ከውስጥም ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ሳይጨናነቁ የሚቆሙበት ስፋት ይኑረው። ብዙ አጥቢያ የሚቸገረው ቤተልሔሙን ረስቶ ሌሊት ላይ ኅብስቱን የት እናዘጋጅ ሲል ነው።

በዓሉ እንዳበቃ ጉድጓዱን ድፈኑት። ገጠር ላይ ከብትና ሕፃን ይገባበታል።