በ20 ዶላር አንበሳ መሆን ይቻላል?

ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ!

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጃችን አራት ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ መዋዕለ ሕፃናት ገብቷል። ከትምህርት ቤቱ የመጣው ወረቀት ልጆች በኦክቶበር 31 የሃሎዊን (ልጆች ሌላ ነገር መስለው የሚለብሱበት በዓል) ልብስ ለብሰው እንዲመጡ፣ ጭምብልና የመሣሪያ አሻንጉሊት ግን እንዳይዙ ይላል። ማታ ደግሞ በመኪና እህቴ ሰፈር ሄደን፣ ከልጆቿ ጋር እየዞረ ከረሜላ እንዲለቅም አስበናል።

ልጁ «አንበሳ ነው የምሆነው» ብሎ ቁርጡን ነግሮናል። ሱቅ ያየሁት የአንበሳ ልብስ 45 ዶላር ነው። እኔ የመደብኩት 20 ብቻ ነው። እህቴ ለልጇ ያጠረውን የድራጎን ልብስ ልትሰጠኝ ትፈልጋለች፤ ውስጡ ስፖንጅ ስላለው ወፍራም ነው፣ ለእኔም ልጅ ይረዝመዋል። እናቴ በስልክ «የሀገር ልብሱን አልብሺው፤ ከዚያ በላይ ምን ጌጥ አለ?» ትላለች። ባለቤቴ አፅምና ሰይጣን እስካልሆነ ድረስ ግድ የለውም።

የስፌት መኪና የለኝም፤ ቁልፍ ከመትከል ያለፈ ሙያም የለኝ። ብርዱም ያሳስበኛል፤ ብዙ ልጆች ያን ሁሉ ልብስ ለብሰው መጨረሻ ላይ በካፖርት ተሸፍነው ነው የሚዞሩት። ምን ይሻለኛል?

የአንበሳው እናት

መልስ

ውድ የአንበሳው እናት፣

ሌላውን ሁሉ የሚወስነው ብርዱ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። በእናንተ አካባቢ በኦክቶበር 31 ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ10 ገደማ ነው። ትንንሽ ልጆች የሚወጡትም በዚያው ሰዓት ነው፤ አየሩም ከ50 ፋራናይት በታች ሊወርድ ይችላል። የሱቅ ልብስ አብዛኛውን ጊዜ ስስ ፖሊስተር ስለሆነ ካፖርት መደረቡ አይቀርም፤ ካፖርት ከተደረበ ደግሞ 45 ዶላሩን ያየው የለም። ስለዚህ የአንበሳ ልብስ አይግዙ። ልጁ ክረምቱን ሙሉ የሚለብሰው ሙቅ ቱታ ይግዙና ለአንድ ቀን አንበሳ ያድርጉት።

የሚፈልጉት ኮፍያ ያለው፣ ፊቱ በዚፕ የሚከፈት ሹራብና ተመሳሳይ ቀለም ያለው ሱሪ ነው። ቢጫ፣ የሰናፍጭ ቀለም ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ይሆናል፤ ሁለቱ በቀለም ባይገጥሙም በጎፈሩ ምክንያት ማንም ልብ አይልም። ከታች እጅጌ ሙሉ ካናቴራ እንዲገባ አንድ ቁጥር ከፍ ያድርጉ። እንደ ጉድዊል ወይም ቫልዩ ቪሌጅ ያለ የአሮጌ ልብስ መደብር ሲሄዱ፣ በኦክቶበር ከበሩ አጠገብ የሚሰቀለውን የሃሎዊን ልብስ አልፈው በቀጥታ ወደ ልጆች ሹራብ ይሂዱ። በር ላይ ያለው ወቅቱን ጠብቆ ዋጋው የተሰቀለ ነው፤ ውስጥ ያለው ግን የወትሮው ነው። ዋጋው እንደ ሱቁ ቢለያይም ሹራቡን ከ5 እስከ 8፣ ሱሪውን ከ3 እስከ 5 ዶላር ያስቡት። ሹራቡ ኮፍያው ላይ የሚጎተት ገመድ ካለው አውጥተው ይጣሉት። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን እንዲህ ያለ ገመድ በልጆች ልብስ አንገት ላይ እንዳይደረግ እ.ኤ.አ. በ1996 መመሪያ አውጥቷል፤ አሮጌ ልብስ ውስጥ ግን አልፎ አልፎ ይገኛል።

ጎፈሩን የምንሠራው ፌልት ከሚባለው ጨርቅ ነው። ጠርዙ ስለማይተረተር መቀምቀም የለበትም፤ መርፌ ለማታዘወትር እናት ትልቅ እፎይታ ነው። በ23 በ30 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ የሚሸጠውን አራት ቅጠል ይግዙ፦ ሦስት ቡናማ፣ አንድ ብርቱካናማ። አራቱ በድምሩ 5 ዶላር ገደማ ቢሆኑ ነው።

ሁለቱን ቡናማና ብርቱካናማውን በቁመታቸው በ2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይቁረጡ። ከአንዱ ቅጠል ዘጠኝ ረጃጅም ቁራጭ ይወጣል፤ እያንዳንዱን መሐል ለመሐል ሲከፍሉት 15 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም 18 ይሆናል፤ ከሦስቱ ቅጠል 54 ማለት ነው። እያንዳንዱን ሳይጫኑ ሁለቱን ጫፍ ያገናኙት፤ ክብ ሆኖ ይቆማል። ዝም ብሎ እንደ ዘርፍ ከተንጠለጠለ በመጀመሪያው ሰዓት ተጣጥፎ ይተኛል፤ ክቡ ግን እየተነሳ ጎፈር ይመስላል።

አሁን መስፋት። በዚህ ዕድሜ ልክ የኮፍያው አፍ ዙሪያ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ለአንድ ረድፍ 20 ክብ ይበቃል። የመጀመሪያው ረድፍ ከጠርዙ አንድ ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ ክቡ ወደ ኋላ ዞሮ በተገናኙት ጫፎቹ በኩል ይሰፋ። ወደ ፊት ከዞረ ዐይኑን ይከልለዋል፤ መንገድ ሲሻገር ደግሞ ጎንና ጎኑን ማየት አለበት። ሁለተኛውን ረድፍ ከመጀመሪያው 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ አድርገው ክፍተቶቹ ላይ ይትከሉት። ከተረፉት 14 ስድስቱን ለጭራው ያስቀምጡና ስምንቱን አናቱ ላይ ይበትኗቸው።

ክሩን ደርበው ቁልፍ እንደሚተክሉት ሁለት ሦስት ጊዜ ወጋ ወጋ ያድርጉ። አራት ወይም አምስት ክብ በሰፉ ቁጥር ቋጥረው ክሩን ይቁረጡት፤ ካልቆረጡት አንዱ ሲላቀቅ ሁሉም ተከታትሎ ይወርዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኮፍያውን ጠረጴዛ ላይ አንጥፎ ሲሰፋ ነው። ጨርቁ የሚለጠጥ፣ ክሩ ግን የማይለጠጥ ስለሆነ ልጁ ራሱ ላይ ሲስበው ጧ ብሎ ይበጠሳል። ስለዚህ ኮፍያውን የልጁን ራስ የሚያህል ድስት ላይ አጥልቀው ይስፉት።

ትኩስ ማስቲሽ ፈጣን መስሎ ይታያል፤ እኔ ግን አልመክርም። ሲደርቅ ግንባር ይፈገፍጋል፣ በእጥበት ይላቀቃል፣ ሹራቡም ዳግመኛ ሹራብ አይሆንም። የሱፍ ክር ጎፈር ያምራል፤ ግን ረጅም ሰዓት ይበላል፣ ክሩም አፉ ውስጥ ይገባል። የተባዘተ ጥጥማ ጨርሶ አይታሰብ፤ እሳት ካገኘው አያድርስ ነው።

ጆሮዎቹን ከሦስተኛው ቡናማ ቅጠል 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ግማሽ ክብ ቆርጠው ሁለት ሁለቱን ይደርቡ፤ ከግርጌ ቆንጠጥ አድርገው ሲሰፏቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ለጭራው የአሮጌ ታይት አንዱን እግር በ35 ሳንቲ ሜትር ቁረጡና ውስጡን በጨርቅ ቁርጥራጭ ሞልተው ጫፉ ላይ ስድስቱን ክብ ይስፉ። ከጉልበቱ በታች እንዳይወርድ ይለኩት፤ ካለፈ ይረግጠዋል ወይም ሌላ ልጅ ይረግጥበታል። የሚሰፋውም ሱሪው ላይ ሳይሆን ሹራቡ ወገብ ላይ ነው። ሱሪው ላይ ከሆነ ሱሪውን ይዞት ይወርዳል፣ መጸዳጃ ቤት ሲገባ ደግሞ የት እንደሚነከር መገመት አያቅትም። መርፌ ቁልፍ በዚህ ዕድሜ አይመከርም።

ጎፈሩ ቀላል ቢሆንም ኮፍያው ወደ ኋላ መንሸራተቱ አይቀርም። ከሥር ስስ የክረምት ቆብ አድርገውለት ኮፍያውን በሁለት የፀጉር ክሊፕ ከቆቡ ጋር ያያይዙት። ጉሮሮውን ከጎተተው ዚፑን ዝቅ ማድረግ ነው፤ በዚፕ የሚከፈተውን የመረጥነው ለዚሁ ነው።

ጭምብል ስለተከለከለ አፍንጫውን በጥቁር የዐይን እርሳስ አጥቁረው ከግራና ከቀኝ ሦስት ሦስት መስመር ጢም ይሳሉለት። ከዚያ ቀን አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ክንዱ ላይ ነጥብ አድርገው ይሞክሩት፤ ከቀላ ወይም ካሳከከው ይተዉት። ከሀገር ቤት በብልቃጥ የመጣውን ኩል ግን አይንኩት። እንዲህ ያለው ኩል እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለመዋቢያነት አይፈቅደውም፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ እጁን ፊቱ ላይ አሽቶ አፉ ውስጥ ይከታል። የዐይን እርሳሱን ማታ ቫዝሊን ቀብተው በጨርቅ ሲጠርጉት ይለቃል።

ወደ እናትዎ ሐሳብ ልምጣ። የሀገር ልብስ የበዓል ልብስ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ልብስ ልጁ ከአፅምና ከጠንቋይ ጋር አንድ ወገን አድርጎ እንዲያየው አልፈልግም። ይህን ባይቀበሉኝ እንኳ ሌላ ምክንያት አለኝ። ሸማ በስሱ የተሸመነ ጥጥ ነው፤ እሳት ቶሎ ይይዘዋል፣ የነጠላው ዘርፍም ከሰውነት ርቆ ይወዛወዛል። በዚያ ምሽት በየደጁ፣ በልጅ ቁመት ልክ፣ ውስጡ ሻማ የበራ ዱባ ይቀመጣል። ሱቅ የሚሸጠው ልብስ ላይ «ፍሌም ሬዚስታንት» የሚል ጽሑፍ የሚፈለገው በዚሁ የተነሳ ነው፤ ትርጉሙም እሳት በቀላሉ አይዘልቀውም እንጂ አይቃጠልም ማለት አይደለም። የእኛ ቱታም ይህ ጽሑፍ የለውም። ጥቅሙ ሰውነት ላይ የሚያርፍና የማይወዛወዝ መሆኑ ነው፤ ቢሆንም ዱባው ጋ ሲደርስ እጁን ይያዙት።

የእህትዎን ድራጎን አመስግነው ይመልሱ። መርዘሙን በመርፌ ማሳጠር ይቻል ነበር፤ ስፖንጁ ነው አስቸጋሪው። በመኪና ወንበር ቀበቶ ሥር ወፍራም ነገር ሲኖር ቀበቶው የጠበቀ ይመስላል፤ ግጭት ቢደርስ ግን ስፖንጁ ይታመቅና ቀበቶው ይላላል። የአንበሳውንም ሹራብ በመኪና ውስጥ አያልብሱት፤ ከአንገቱ ኋላ ያለው ጎፈር ጭንቅላቱን ወደ ፊት ይገፋዋል። በካናቴራው ይታሰር፣ ብርድ ልብስ ከቀበቶው በላይ ይደረብለት፣ እህትዎ ደጅ ሲደርሱ ይልበስ።

ቡናማ ልብስ በጨለማ አይታይም። በብስክሌት ዕቃ መሸጫ የሚገኘውን ብርሃን አንፀባራቂ ፕላስተር በሁለቱ ቁርጭምጭሚት፣ በጀርባውና በከረሜላ ቦርሳው ላይ ይለጥፉ፤ ሹራብ ላይ ማጣበቂያው ስለማይቆይ ዳርና ዳሩን በክር ይወስውሱት። የእጅ ባትሪም ይያዝ፣ ደስ ይለዋል። ብልጭ ድርግም የሚል ርካሽ አሻንጉሊት ከተሰጠው የባትሪ ክዳኑ በብሎን የሚዘጋ መሆኑን ይዩ። የቁልፍ ቅርጽ ያላት ትንሽ ባትሪ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች፤ ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለእግሩ የራሱ ስኒከር ይበቃዋል፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ክፍሉ ስለሚሞቅ ስስ ካናቴራ ከሥር ያልብሱት።

ኖቬምበር ሲገባ ጎፈሩን በትንሽ መቀስ ክር ክሩን እየቆረጡ ያንሱትና ሹራቡን ይጠቡት። ልጁ በመጨረሻው ሳምንት «ንብ ነው የምሆነው» ካለ፣ የአራት ዓመት ልጅ ነውና ሊል ይችላል፣ ቱታው ቢጫ ከሆነ ጥቁር ፌልት 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሦስት መቀነት ቆርጠው ሆዱ ዙሪያ ይወስውሱለት፤ የአንድ ምሽት ሥራ ነው።