የእናት ታይሮይድና የጽንሱ አንጎል

ጥያቄ፦ የ10 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። የታይሮይድ ሆርሞንሽ አነስተኛ ነው ተብዬ ሌቮታይሮክሲን የተባለ ሆርሞኑን የሚተካ መድኃኒት ታዘዘልኝ። የእኔ ሆርሞን ማነስ የጽንሱን አንጎል እንዴት ይነካል?

መልስ፦ ጽንሱ ሆርሞኑን በበቂ መጠን ማምረት የሚጀምረው ከ18ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ እስከዚያ አንጎሉ የሚጠቀመው በእንግዴ ልጁ በኩል ከእርስዎ የሚደርሰውን ታይሮክሲን የተባለ የታይሮይድ ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን በአንጎል ውስጥ አንድ የአዮዲን አቶም ተቀንሶለት ይበልጥ ንቁ ወደሆነው ቅርጹ ከተለወጠ በኋላ ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶ የዘረመሎችን ሥራ ይመራል፤ የነርቭ ሕዋሳት ከተፈጠሩበት ስፍራ ወደ ቋሚ ቦታቸው የሚጓዙትም በዚሁ ምሪት ነው። ቦታውን የሳተ ሕዋስ ዘግይቶ በተጀመረ መድኃኒት አይመለስምና ሳይዘገዩ ይጀምሩ። መድኃኒቱን በባዶ ሆድ ይውሰዱ፤ ከብረት እንክብል (ለነፍሰ ጡሮች አብሮ ስለሚታዘዝ ብዙዎች ይዘነጉታል) ቢያንስ 4 ሰዓት ያራርቁት።