የ6 ወር ዋስትናው አልፏል የተባለ ባለ ድርብ መስታወት በርና መስኮት፦ ጥገናው የማን ነው?

ጥያቄ፦ «ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ላሠራሁት ቤት ኮምቦልቻ ካለ አንድ የአልሙኒየም ሥራ ድርጅት ጋር በ480,000 ብር ተዋውዬ ባለ ድርብ መስታወት 9 መስኮትና 2 በር አስገጠምኩ። የተረካከብነው ሚያዝያ 2017 ነው፤ አሁን 11ኛ ወሩን ይዟል። የሳሎኑ በር ወርዶ ወለሉን ይፍቃል፤ በእጀታው ወደ ላይ ካላነሳሁት ቁልፉ አይገባም። የሁለት መኝታ ቤት መስኮቶች እጀታ ይዞራል እንጂ አይዘጋም። የአንዱ መስኮት መስታወት ደግሞ መሃሉ ጭጋግ ይዟል። ውሉ ‹ለ6 ወር ዋስትና እንሰጣለን› ይላል። ድርጅቱ ጊዜው አልፏል፣ ይልቁንስ የቀረዎትን 48,000 ብር ይክፈሉ ይለኛል። ሌላ ሠራተኛ አምጥቼ አስጠግኜ ወጪውን ከቀሪው ልቀንስ? ወይስ ልክሰስ? ከከሰስኩስ ማንን?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የ6 ወሩ ቃል ብቻውን በሩን አይዘጋብዎትም። ሆኖም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ ሌላ ሠራተኛ አንድ ብሎን እንኳ አይፍታ። 48,000 ብሩንም ለጊዜው ይያዙት፤ «ወርሼዋለሁ» ግን አይበሉ። ከሁሉ የሚቀድመው የመጨረሻው ጥያቄዎ ነው። የዘረዘሯቸው ጉድለቶች የአንድ ሰው ጥፋት ላይሆኑ ይችላሉ፤ የገጣሚው፣ የቤቱ ተቋራጭ ወይም የለሳኙ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚከሰሰው ሰውም ሆነ የክስ ማቅረቢያው ጊዜ በዚያ ይለያያል።

ስለዚህ ከሕጉ በፊት ከበሩ እንጀምር። የሳሎኑን በር ወለል አድርገው ይክፈቱት፤ እንደተከፈተም እጀታውን ወደ ላይ አንስተው ቁልፉን ያዙሩት። ምላሱና ሌሎቹ መቆለፊያዎች ያለ ችግር ከወጡና ከገቡ ቁልፉ ጤነኛ ነው፤ የታመመው አቀማመጡ ነው። ተከፍቶም ካልሠራ ችግሩ በቁልፉ ሳጥን ውስጥ ነው። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው፤ ነገር ግን ይህን ሳያደርጉ ቁልፍ የሚቀይሩ ብዙ ናቸው። አዲሱም ቁልፍ በሳምንቱ ያንኑ ያደርጋል፤ የድሮው ከተጣለ ደግሞ ማስረጃም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ቀጥሎ ሜትሮ ይያዙ። የመቃኑን ሁለት ሰያፍ ይለኩ፤ ከላይ ግራ እስከ ታች ቀኝ፣ ከላይ ቀኝ እስከ ታች ግራ። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ ወይም ልዩነታቸው ከ2 እና 3 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ መቃኑ ቀጥ ያለ ነው። ልዩነቱ ከዚያ ከሰፋ፣ ውሃ ልኩም መቃኑ መዝመሙን ካሳየ፣ ከመቃኑ ማዕዘን ተነስቶ ግድግዳው ላይ በሰያፍ የወጣ ስንጥቅም ካለ፣ የተንቀሳቀሰው ቤቱ ነው። ደሴና አካባቢዋ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋቸው መሆኑ የታወቀ ነው፤ ዋልካ አፈር ያለበት ቦታም በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። እንዲህ ከሆነ የአልሙኒየም ድርጅቱን መክሰስ አይበጅም፤ «ቤቱ ነው የወረደው» ብሎ በባለሙያ አስመስክሮ ይወጣል፤ ወጪና ኪሳራው በእርስዎ ላይ ይቀራል።

መቃኑ ቀጥ ብሎ የበሩ ክንፍ ብቻ ከወረደ ነገሩ ወደ ድርጅቱ ይዞራል። መስታወት በአንድ ካሬ ሜትር፣ በአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ሁለቱም ገጽ 5 ሚሊ ከሆነ አንድ ካሬ 25 ኪሎ ነው። በበርዎ ላይ 0.7 በ1.8 ሜትር መስታወት ካለ 31 ኪሎ ተኩል ይሆናል፤ የአልሙኒየሙ ክብደት ሳይቆጠር። ይህ ሸክም ወደ ማጠፊያው የሚሄደው በታኮ፣ ማለትም በመስታወቱና በክንፉ አልሙኒየም መሃል በሚገባ ትንሽ ማስደገፊያ ነው፤ ታኮዎቹ በታችኛው የማጠፊያ ማዕዘንና በላይኛው የቁልፍ ማዕዘን ሲቀመጡ መስታወቱ ራሱ ክንፉን በሰያፍ ይደግፈዋል። ታኮ ካልገባ ወይም ቦታውን ከሳተ ክንፉ በቁልፉ በኩል ይወርዳል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ በሩ ሲዘጋ በቁልፉ በኩል ከክንፉ አናት በላይ ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ ከክንፉ ሥር ያለው ይጠባል። ማጠፊያውን በብሩጎላ ጥቂት ሚሊ ሜትር ማንሳት ይቻላል፤ መንስኤው ታኮ ከሆነ ግን ከጥቂት ወር በኋላ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ድርጅቱ መጥቶ ማጠፊያ ብቻ አጥብቆ «ጨርሻለሁ» ቢል አይፈርሙለት። የመስታወት መያዣው ዘንግ ተነስቶ ታኮዎቹ ይታዩ፤ ፎቶ ይነሱ። ለእንዲህ ያለ ክብደት ሁለት ማጠፊያ ብቻ ተገጥሞ ከሆነ ያንንም ይመዝግቡ፤ ሦስተኛ መጨመር አለበት።

ወደ መኝታ ቤት መስኮቶቹ እንለፍ። በእጀታው ሥር ያለችውን ትንሽ ክዳን በ90 ዲግሪ ሲያዞሯት ሁለት ብሎኖች ይታያሉ። እነሱን በካቻቢቴ ፈቶ እጀታውን ማውጣት ይቻላል፤ ይህን ግን ድርጅቱ ወይም ገለልተኛ ባለሙያ ያድርገው፣ እርስዎ ይዩ። አብዛኛውን ጊዜ የእጀታው ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ 7 ሚሊ ነው። ከደህናው መስኮት የተወሰደ እጀታ ሲገባበት ማሽኑ (እጀታው የሚያንቀሳቅሰው የመዝጊያ መሣሪያ) ከዞረ ጥፋቱ የእጀታው ነው፤ ዘንጉ አጥሯል ወይም ጥርሱ ተበልቷል። በደህናው እጀታም ካልዞረ በክንፉ ጠርዝ ውስጥ ያለው ማሽን ተሰብሯል፤ መለወጥ አለበት። ማሽኑ ሲወጣ በሲሚንቶና በጀሶ ብናኝ ታፍኖ ከተገኘ ሦስተኛው ተጠያቂ ብቅ ይላል። መስኮቱ ከልስን በፊት ከተገጠመና ሳይሸፈን ከተለሰነ የለሳኙም የተቆጣጣሪውም ድርሻ አለበት። በውልዎ ላይ «ከልስን በኋላ ይገጠማል» የሚል ካለ ግን ቀድሞ የገጠመው ድርጅት ራሱ ይመልስ።

ጭጋጉ ግን የተለየ ነገር ነው። መጀመሪያ በጨርቅ ከውስጥም ከውጭም ይወልውሉት፤ ካልጠፋ በሁለቱ መስታወቶች መሃል ነው፣ ማሸጊያው ለቋል ማለት ነው። ማጠፊያ በማስተካከል፣ ሲሊኮን በመቀባት ወይም መስታወቱን በመብሳት አይድንም፤ የታሸገው መስታወት በሙሉ ይለወጣል። መንስኤው ሁለት ሊሆን ይችላል። አንደኛው የመቃኑ ታችኛ የውሃ ማውረጃ ቀዳዳ በሲሚንቶ ወይም በቀለም ተደፍኖ ማሸጊያው ውሃ ውስጥ መቀመጡ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ መስታወቱ ከባሕር አጠገብ ባለ ፋብሪካ ታሽጎ ከመጣ እዚህ ሲደርስ በመሃሉ የታሸገው አየር ይለጠጣል፤ መስታወቶቹ ወደ ውጭ ያብጣሉ፣ ማሸጊያው ይወጠራል። ስለዚህ «መስታወቱ የት ነው የታሸገው?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። ለእርስዎ የሚጠቅመው ደግሞ ይህ ጉድለት በርክክብ ቀን በዓይን የማይታይ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። ድርጅቱ ዕቃውን ከራሱ አቅርቦ ሠርቶ ያስረከበ ስለሆነ ውሉ ሽያጭ ነው ሊል ይችላል። ይበል፤ ሽያጭም ቢሆን በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2287 መሠረት ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ያረጋግጣል። በምላሹ ገዢ ዕቃውን ዕድል እንዳገኘ መመርመር (ቁጥር 2291)፣ ጉድለቱን ባወቀ ጊዜም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት (ቁጥር 2292)። ካስታወቀ በኋላ ክስ የማቅረቢያው ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ነው (ቁጥር 2298)፤ ሻጩ ካላታለለው በቀር ይህ ካለፈ መብቱ ይጠፋል። የ6 ወሩን ቃል ደግሞ በጥንቃቄ ያንብቡት። «ለ6 ወር ዋስትና እንሰጣለን» ማለትና «ከ6 ወር በኋላ ለማንኛውም ጉድለት ተጠያቂ አይደለንም» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ድርጅቱ በፈቃዱ የጨመረው ተስፋ ነው፤ ሕጉ የሰጠዎትን ዋስትና አስቀርቷል ብሎ ለመደምደም አይበቃም። እንደ ጻፉልን ከሆነ የእርስዎ ውል የመጀመሪያውን ነው የሚለው።

የማይንቀሳቀስ ንብረት የሥራ ውል ነው ከተባለ ቁጥር 3039 ይመጣል፤ የሥራ ተቋራጩ ሥራው በደንብ ስለመሠራቱና ስለ ጥንካሬው ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው፤ ከሥራ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ከመሬቱ ጠባይ ለሚመጣ ብልሽትም ይጠየቃል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃል ዋጋ የለውም። ታዲያ ደስ ብሎዎት 10 ዓመት አለኝ ብለው አይቀመጡ። በእኔ አስተያየት ይህ ድንጋጌ በዋናነት የሚያገለግልዎት መቃኑ የዘመመው በቤቱ መውረድ ከሆነ፣ በቤቱ ተቋራጭ ላይ ነው። ለእጀታ፣ ለማጠፊያና ለቁልፍ በ10 ዓመት መመካት አደገኛ ነው፤ በአጭሩ የሽያጭ ጊዜ ይራመዱ። በክሱ ላይ ሁለቱንም መሠረት በአማራጭ ማቅረብ ይቻላል። ጉድለት ያለበትን ዕቃ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ ስለ መመለስ የሚናገረው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ለእርስዎ አልፏል፤ በእሱ አይድከሙ።

በስልክ ከነገሯቸው የደወሉበትን ቀን ይመዝግቡ፤ በቴሌግራም የላኩት ፎቶና መልእክት ካለ አይደምስሱ፣ አትመው ያስቀምጡ። ከዚያ በቁጥር 1772 መሠረት መደበኛ ማስጠንቀቂያ ይጻፉ። ረጅም መሆን የለበትም፤ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«በ___ ቀን በተፈራረምነው ውል መሠረት ሠርታችሁ ካስረከባችሁኝ ውስጥ፦ የሳሎኑ በር ክንፍ በቁልፉ በኩል ወርዷል፣ የመቃኑ ሰያፎች ልክ ___ እና ___ ሲሆን መቃኑ ቀጥ ያለ ነው፤ የሁለት መኝታ ቤት መስኮቶች መቆለፊያ አይሠራም፤ የአንድ መስኮት ድርብ መስታወት ማሸጊያ ለቋል። ይህ ማስጠንቀቂያ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ መጥታችሁ የታኮውን አቀማመጥ እንድታርሙ፣ የተበላሸውን ማሽንና እጀታ እንድትለውጡ፣ ማሸጊያው የለቀቀውን መስታወት እንድትተኩ እጠይቃለሁ። ይህ ካልተፈጸመ በፍርድ ቤት ፈቃድ በእናንተ ወጪ በሌላ ባለሙያ አሠራለሁ። ቀሪው 48,000 ብር ሥራው እንደታረመ የሚከፈል ነው።»

ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱ ላይ ማኅተምና ፊርማ ያስቀብሉ። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ይላኩት፣ ደረሰኙን ይያዙ። ልኬቱ ቤቱ መውረዱን ካሳየ ግን የ«መቃኑ ቀጥ ያለ ነው»ን ቃል አውጥተው ሌላ ደብዳቤ በዚያኑ ቀን ለቤቱ ተቋራጭ ይጻፉ።

ሌላ ሠራተኛ ስለማምጣት፦ ቁጥር 1777 ባለዕዳው ሊሠራው የገባበትን ሥራ በእሱ ወጪ ለማሠራት የሚፈቅድልዎት ፍርድ ቤት መሆኑን ያመለክታል። በራስዎ አሠርተው ደረሰኝ ይዘው ቢቀርቡ «ማን ነካው? የተሰበረው ያኔ ነው» የሚል መልስ ይጠብቅዎታል። የሚያጣድፍ ነገር ብቻ ልዩ ነው። የሳሎኑ በር ጨርሶ የማይቆለፍ ከሆነ ቤት ክፍት አይታደርም፤ ሁለት ምስክር ባለበት ፎቶ አንስተው ጊዜያዊ መፍትሔ ያድርጉ፣ የወጣውን ዕቃ በፌስታል አስገብተው ቀን ጽፈውበት ያስቀምጡ። ሲሊንደር (ቁልፉ የሚገባበት ክፍል) መቀየር ካስፈለገ ልኩ ከመሃለኛው የብሎን ቀዳዳ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ለየብቻ ይወሰዳል፤ ለምሳሌ 35 በ45። ወደ ውጭ ከሽፋኑ ከ3 ሚሊ በላይ የወጣ ሲሊንደር በኪያቤ ተይዞ በቀላሉ ይሰበራል።

ድርጅቱ «ቅባት ስላልቀቡት ነው» የሚል ክርክር ማምጣቱ አይቀርም። ማሽንና ማጠፊያ በዓመት አንድ ጊዜ ቀጭን የማሽን ዘይት ይፈልጋሉ፤ ሲሊንደሩ ግን ዘይት አይወድም፣ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት (ግራፋይት) ይበቃዋል። ሆኖም ቅባት ያጣ ማጠፊያ ይጮኻል፣ ይከብዳል እንጂ በ11 ወር 31 ኪሎ መስታወት ይዞ ወለል አይፍቅም።

48,000 ብሩ ከጠቅላላው 10 በመቶ ነው። ሁሉንም መያዝዎ ተገቢ የሚሆነው የጥገናው ወጪ ከዚያ ጋር ሲቀራረብ ነው። ከሁለት ሌላ አልሙኒየም ቤቶች የጥገና ዋጋ ማቅረቢያ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ወጪው ለምሳሌ 20,000 ብር ከሆነ ቀሪውን ለመክፈል ዝግጁ መሆንዎን በደብዳቤ ይግለጹ። የራሱን ግዴታ ለመፈጸም ዝግጁ የሆነ ሰው በዳኛ ፊት ቃሉ ይከብዳል፤ ለመልሶ ማጥቂያ ክስም በር አይከፍትም።

በሽማግሌ መጨረስ በወሎ የተለመደ ነው፤ አበጋር (የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ) የተቀመጠበት ነገር ስንቱን ከባድ ጠብ አብርዷል። ለዚህ ጉዳይም ከክስ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ፤ የዳኝነት ክፍያው፣ የባለሙያው አበልና ምልልሱ ከአንድ መስታወት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ግን ሽማግሌ መቀመጡ ብቻውን የአንድ ዓመቱን ቆጠራ አያቆምም። ስምምነቱን በጽሑፍ ያድርጉት፤ የትኛው በር፣ የትኛው መስኮት፣ ምን ዕቃ እንደሚለወጥ፣ በስንት ቀን፣ 48,000 ብሩ መቼ እንደሚከፈል ይጻፍ፣ ድርጅቱም ጉድለቱን አምኖ ይፈርም። ማስጠንቀቂያው ከደረሳቸው 10 ወር ካለፈና አሁንም «ነገ እንመጣለን» ከሆነ፣ ሽምግልናው ቢቀጥልም ክሱን ያስገቡ፤ ከታረቃችሁ መዝገቡ በእርቅ ይዘጋል።