ታይሮይድ ሲያንስና ሐሳብ ሲዘገይ፦ ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ስለ ታይሮይድ ማነስና ስለ መርሳት የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። ታይሮይድ አንገት ላይ ከፊት በኩል ያለ እጢ ነው፤ «አነሰ» ሲባል የሚያመነጨው ሆርሞን አነሰ ማለት ነው። ከዚህ ሆኜ ምርመራ ማድረግ ግን አልችልም።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ድስት ጥዳ ትረሳለች፣ ወሬ ጀምራ መሐል ላይ ይጠፋባታል። ሰው ሁሉ «እርጅና ነው» ይለናል።

በ58 ዓመት እርጅና ነው ብሎ መዝጋት ችኮላ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ልብም አንጀትም ይዘገያል፤ አእምሮም እንዲሁ። ትኩረት ይበተናል፣ የሰው ስም አፍ ላይ ደርሶ ይቀራል፣ የገበያ ሒሳብ ድሮ ከሚፈጀው በላይ ይፈጃል። ብዙውን ጊዜ የሚያውቁት ነገር አይጠፋም፤ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የፊት ማበጥ፣ የድምፅ መጎርነን ከታከለበት ጥርጣሬው ይጠነክራል። ብርድ አለመቻልም ምልክት ነው። ችግሩ መንዝ ላይ ቆሞ «በረደኝ» ያለን ማን ይሰማዋል! ሌላው ፀሐይ ሞቆ ጋቢውን ሲጥል እሷ ደርባ እንደሆነ እዩ። ቲኤስኤች የሚባለውን የደም ምርመራ (ታይሮይድ ሲያንስ ቁጥሩ ከፍ ይላል) አሠሩላት፤ እግረ መንገዱን ደም ማነስና ቫይታሚን ቢ12 ይታይላት።

ጥያቄ (አንኮበር)፦ እንቅርት የለብኝም። ታዲያ ታይሮይድ ሊሆን ይችላል?

አዎ። እንቅርት ሳይኖር ሆርሞን ያንሳል፣ እንቅርት ኖሮም ልክ ይሆናል። አንገት አይቶ መፍረድ አይቻልም።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድን ሆርሞን የሚተካውን ኪኒን) ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው፣ አሁንም ድንዝዝ እንዳልኩ ነኝ። እህትህ ነኝ።

እህቴ፣ ገና ነው። መጠኑ መብቃቱ የሚታወቀው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ቲኤስኤች ሲደገም ነው፤ ሐሳብ ጥርት እስኪል ደግሞ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ግን በምንድን ነው የምትውጪው? «በሥርዓቱ ነው የምወስደው» ብለውኝ ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ኪኒኗን ከአቦል ጋር የሚያወርዱ ስንቶች ናቸው! ቡና መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ውሰጂ። የደም ማነስ ኪኒን ወይም ካልሲየም ካለሽ በ4 ሰዓት ይራራቁ።

ጥያቄ (ሞረትና ጅሩ)፦ ልጄ፣ በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ውኃም አልቀምስ። ጠበልም እሄዳለሁ። ኪኒኑን እንዴት ላድርገው?

አባቴ፣ ወደ ማታ ይዙር። እራት ከበሉ ከ3 ሰዓት በኋላ፣ ሲተኙ ቢወስዱትም ይሠራል፤ ለሐኪምዎ ይንገሩት። ጻድቃኔ ማርያም ሲሄዱም ይዘውት ይሂዱ፣ ጠበሉና ኪኒኑ አይጣሉም። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ስለሚቆይ አንድ ቀን ቢዘለል አያስደነግጥም። ለሳምንታት መተው ግን ድንዛዜውን ይመልሰዋል።

ጥያቄ (ደብረ ሲና)፦ ጎመን ለታይሮይድ አይሆንም ይላሉ፤ ልተው? ጨውስ?

ታይሮይድ ሆርሞኑን የሚሠራው በአዮዲን ነው፤ አዮዲን ያለው ጨው እስከተጠቀምሽ የበሰለ ጎመን አያሳስብም። የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል፤ ነገር ግን ክዳን በሌለው ዕቃ ምድጃ ዳር የከረመ ጨው አዮዲኑ ይቀንሳል። ክደኚው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪው። ነፍሰ ጡር ካለች በተለይ ተጠንቀቁ፤ የአዋቂ ድንዛዜ በመድኃኒት ይመለሳል፣ በአዮዲን እጥረት የተጎዳ የፅንስ አእምሮ ግን አይመለስም። የገዛ ራሱ የሰውነት መከላከያ እጢውን ያጠቃበት ሰው ደግሞ በጨው አይድንም፤ ሆርሞኑን ነው የሚፈልገው።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ አባቴ 76 ዓመቱ ነው፤ ቲኤስኤች 6፣ ፍሪ ቲ4 (ደም ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን) ልክ ነው ተባለ። መርሳቱን ኪኒን ይመልስለታል?

አይመስለኝም። በዚህ ዕድሜ ቲኤስኤች ይህን ያህል ብቻ ከፍ ማለቱ ብዙ ጊዜ መርሳትን አያመጣም፤ እንዲህ ላሉ አረጋውያን ኪኒን ተሰጥቶም ማስታወሳቸው እንዳልተሻሻለ ተጠንቷል። ጆሮው፣ ድብርት፣ ግፊትና ስኳር፣ የሚውጣቸው ሌሎች መድኃኒቶች ይታዩለት። የጎረቤት ኪኒን እንዳታቀምሰው፤ ሲበዛ የልብ ምት ያዛባል፣ አጥንትም ያሳሳል።